የደበቅሁትን ለልጄ ሐኪም ልናገር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጄ ሳል ሲጠናበት አማቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ስላሉ ወስደን አስቆረጥነው። በማግስቱ ትኩሳት ስለጀመረው ሕክምና ወሰድሁት። ሐኪሙ «ቤት ያደረጋችሁለት ነገር አለ?» ሲሉኝ፣ ይቆጡኛል ብዬ «የለም» አልሁ። ሽሮፕ ታዘዘልኝ፤ አወሳሰዱን ግን በውል ሳልይዝ ወጣሁ። ትኩሳቱ ቢለቀውም ሳሉ ስለሚመላለስበት ዳግም ቀጠሮ አለን። እውነቱን ልናገር? ያልገባኝንስ እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ እባክዎ ይናገሩ። ልጅዎ አፉን ገና በደንብ ስላልፈታ፣ ሐኪሙ ስለ ሕመሙ የሚያውቁት በምርመራ ያገኙትንና እርስዎ የነገሯቸውን ብቻ ነው። እንጥል መቁረጥ ደም ሊያፈስና ቁስሉን ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ምላጩ ሌላ ልጅ የተቆረጠበት ከሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላም ቢሆን ሐኪሙ የደም ምርመራ ማዘዝ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስኑት ይህን ሲሰሙ ነው። የክትባት ካርዱን አይርሱ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት መንጋጋ ቆልፍንና የጉበት በሽታን «ቢ» ስለሚከላከል፣ አንዱ ቀርቶ እንደሆነ ከዚያ ይታያል።

አነጋገሩ አያስጨንቅዎ። «ባለፈው ፈርቼ ያልነገርሁዎት አለ፤ እንጥሉ ተቆርጧል» ካሉ በቂ ነው፤ አማትዎን መክሰስም አይሆንብዎትም። ለባልደረቦቻችን ሐኪሞችም የምንለው አለን፤ በዚህ የተቆጣናት እናት በሚቀጥለው ጊዜ ትደብቀናለች እንጂ ማስቆረጡን አትተወውም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው ከሕዝቡ መካከል ገብተው በቡድን እንዲሠሩ ነበርና፣ እናትን ሳይቆጡ ማዳመጥ በዚህ ከተማ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ስለ ሽሮፑ፣ ጠርሙሱንና የመለኪያ ክዳኑን ይዘው ይሂዱ። የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ «ሁለት ማንኪያ» መባል አይበቃም፤ ክዳኑን አቅርበው «እስከ የትኛው መስመር ልቅዳ? በቀን ስንት ጊዜ? ለስንት ቀን?» ይበሉ፤ ከዚያ የተረዱትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሯቸው፤ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረማል። ሌሊት ሲስል በስልክ ይቅረጹት፤ ቀን ምርመራ ክፍል ውስጥ ላያስለው ይችላል።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ጡት ወይም ውኃ አልወስድ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ፍዝዝ ካለ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ድረስ፣ ሳያለቅስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ 40 እና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ልጅ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።