ጣሪያዬን ነፋስ ገንጥሎ የጎረቤቴን መኪና ሰበረ፤ ከፋዩ ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አምና ክረምት ሳይገባ የቤቴን አሮጌ ቆርቆሮ አስነስቼ ጣሪያውን በሙሉ በአዲስ አስለበስሁ። ከአናጢው ጋር የተዋዋልነው በቃል ነው። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ኃይለኛ ነፋስ ሦስት ቆርቆሮ ገንጥሎ፣ አጥር አሻግሮ፣ ጎረቤቴ ግቢ የቆመውን ሚኒባስ የፊት መስታወት ሰበረ። ጎረቤቴ ክፈለኝ ይላል። እኔ ደግሞ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን አጠፋሁ እላለሁ። አናጢው «የነፋስ ዋስ አይደለሁም» ብሎኛል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ቅር ቢልዎትም፣ ለጎረቤትዎ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ጉዳቱ በድንገት የደረሰ ቢሆንም። «ምን አጠፋሁ?» የሚለው ክርክር በሌላ ጉዳይ ያዋጣል፤ እዚህ ግን ሰሚ የለውም። መከላከል አልቻልኩም፣ ጥፋቱ የአናጢው ነው ማለትም በቁጥር 2086 አያድንም። የተጎጂው የራሱ ጥፋት ቢኖር ኖሮ ኃላፊነትዎ ይቀንስ ነበር፤ በግቢው መኪናውን ያቆመ ሰው ግን ምን አጠፋ ይባላል? ካሳው ከደረሰው ጉዳት አይበልጥም፦ መስታወቱ፣ የእጅ ዋጋው፣ ሚኒባሱ ሳይሠራ የቆመባቸው ቀናት ገቢ። ከሁለት ሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ይጠይቁ።

ጉልበትዎን የሚያውሉበት ከአናጢው ጋር ያለው ጉዳይ ነው። ቁጥር 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል፤ ይህን የሚያሳጥር ስምምነትም ዋጋ የለውም። አናጢው ይህ ለትልልቅ ግንባታ እንጂ ለጥገና አይደለም ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ቀዳዳ ብቻ ደፍኖልዎት ቢሆን ኖሮ እኔም በድፍረት አልናገርም ነበር፤ ጣሪያ በሙሉ መቀየር ግን ሌላ ነው።

ነፋሱስ? አናጢው ከኃላፊነት ሊያመልጥበት የሚሞክረው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ማንም አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ነፋስ እንግዳ አይደለም። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ያሰፋዋል፣ ሌሊት የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይሰበስበዋል፤ ምስማሩ በደንብ ካልያዘ በጥቂት ወራት ይላላል። እዚያው አገር የሚሠራ አናጢ ይህን ሊያውቅ ይገባል። ሆኖም ያ ነፋስ በሰፈሩ በደንብ የተመታውን ጣሪያ ሁሉ ገንጥሎ ከሆነ፣ የአናጢው ክርክር ይጠነክራል። ስለዚህ ዙሪያዎን ይመልከቱ፤ የማን ጣሪያ ቆመ፣ የማን ወደቀ?

የወደቀውን ቆርቆሮና ምስማር ለቁራሌው እንዳይሸጡት! ማስረጃዎ እሱ ነው። ፎቶ ያንሡ፤ ጣሪያው ሳይጠገን ሌላ ባለሙያ ወጥቶ ምስማሩ ማገሩን ይዞ እንደነበርና እንዳልነበር ይይልዎት። ውሉ የቃል መሆኑ አያስጨንቅዎ፤ ሲሠራ ያዩ ምስክሮች፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት ይጠቅማሉ። ከዚያ በቁጥር 1772 መሠረት ቀን ቆርጠው በጽሑፍ ያስጠንቅቁት። ለጎረቤትዎ የሚከፍሉትንም ከጥገናው ወጪ ጋር ይጠይቁት።

ጎረቤትዎ ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት አለው፤ ይርጋውን ጠብቄ እገላገላለሁ ብለው ግን ጉርብትናዎን አያበላሹ። በሽማግሌ ጨርሱትና ስምምነቱን በሁለት ምስክር ፊት ፈርሙበት። አናጢውንም ወደ ሽምግልናው ይጥሩት፤ ካልመጣ መጠራቱን ወረቀቱ ላይ ያስፍሩ።