ከጦር ሜዳ የተመለሱ ጥያቄዎች

ባለፈው ጽሑፌ «ጦርነት ሰውን ከራሱ ጋር ያስተዋውቀዋል» የሚለውን አባባል ጠርጥሬው ነበር። የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ጻፉልኝ፤ ገሚሱ ተስማምቶ፣ ገሚሱ ተቆጥቶ። የተወሰኑትን አሳጥሬ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ከባድ መሣሪያ አጠገባችን ሲያርፍ ሱሪዬን አራስኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተዋግቻለሁ፤ ያቺን ቀን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፈሪ ነኝ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የለም። ድንጋጤ ሲመጣ ሰውነት ያለ የሌለ ኃይሉን ለልብና ለጡንቻ ይሰጣል፤ ፊኛና አንጀት ያን ጊዜ ትእዛዝ አይሰሙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ስም ሳያስጽፍ ወታደሮቹን መጠይቅ ሲያስሞላ፣ ቀላል የማይባሉት ይኸው እንደደረሰባቸው መልሰዋል። እኛ ፉከራና ቀረርቶ ስላለን ጀግና የማይፈራ ይመስለናል። ፉከራ ግን ከውጊያ በፊት ወይም በኋላ ነው፤ መሐል ላይ ማን ፋታ አለው? ስለ አንተ መመስከር ካለባቸው ሁለቱ ዓመታት ይመስክሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ከኮሪያ አንድም ኢትዮጵያዊ እንዳልተማረከ እየነገሩን ነው ያሳደጉን። የእኛ ሰው በተፈጥሮው ደፋር ነው ማለት ይቻላል? (ከአፍንጮ በር)

መልስ፦ አባትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ደም ውስጥ አልፈልገውም። የቃኘው ሰዎች በ1943 መዝመት ሲጀምሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ከክቡር ዘበኛ ተመርጠው፣ አብረው ሠልጥነው ነው የሄዱት። የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው፤ ነገር ግን ሲሄዱም ሲመለሱም እንደ ሻለቃ ነበር። አሜሪካዊው በግንባር በቆየበት ጊዜ የሚቆጠርለት ነጥብ ሲሞላለት ጓዶቹን ምሽግ ውስጥ ትቶ ለብቻው ወደ አገሩ ይሳፈራል፤ በቦታው የማያውቁት ሰው ይመጣል። ወታደር ስለ ራሱ ከሚማረው ሁሉ ትልቁ ይኼ ይመስለኛል፦ የእኔ የሚለው ድፍረት አብዛኛው ከጎኑ ካለው ሰው የተበደረው ነው። ቁስለኛ ጥሎ የማይሄደውም ነገ እሱም እንደማይጣል ስለሚያውቅ ነው።

ትስስሩ ግን ለበጎ ብቻ አይውልም። ከኮሪያው ተኩስ አቁም ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953፣ ያው ክቡር ዘበኛ አዛዡን ተከትሎ ለመፈንቅለ መንግሥት ወጣና በዚሁ ከተማ ከወገን ጦር ጋር ተታኮሰ። ያን ጊዜም ደፋር ነበሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሰሜኑ ጦርነት ከተመለሰ ወዲህ ፒያሳ ካፌ ስንገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ካላየ አይቀመጥም። ከጓዶቹ ጋር በስልክ ይስቃል፤ ለእኔ ዝም። ምን በድዬው ነው?

መልስ፦ ምንም፣ እኅቴ። በር ማየቱ እዚያ በሕይወት ያቆየው ልማድ ነው። ዝምታው ሌላ ነው፤ እዚያ ያየውን ራሱን አንቺም እንዳታዪበት ይፈራል ብዬ እገምታለሁ። «ንገረኝ» እያልሽ አታስጨንቂው። ለበዓል ርችት እንደሚተኮስ ካወቅሽ ቀድመሽ ንገሪው። እንቅልፍ ካጣ፣ መጠጥ ካበዛ ወይም መኖር ሰለቸኝ ካለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰጂው። እዚያ የሚሄደው እብድ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ለሰፈር ተዪው።

ጥያቄ፦ ግዳጅ ላይ ሰው ገድያለሁ። የንስሐ አባቴ «ለአገርህ ብለህ ነው፣ ኃጢአት የለብህም» ይሉኛል። ለምን አልቀለለኝም? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ከንስሐ አባትዎ ጋር ልጣላ አልፈልግም፤ ቢሆንም የጥንት አባቶች ነገሩን እንዲህ አላቀለሉትም። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ፣ በጦርነት መግደል እንደ ነፍስ ግድያ እንደማይቆጠር ተቀብሎ፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ መክሯል። ቅጣት ነው ብሎ የሚያነበው አለ። እኔ ጊዜ መስጠት ነው ብዬ አነበዋለሁ፤ ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ በማግስቱ ከሰው እንዲቀላቀል አላስገደደውም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ጆናታን ሼይ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም የቬትናም ዘማቾችን ሲያክሙ ከፍርሃት የተለየ ቁስል አስተዋሉ፤ ሰውየው ትክክል ነው ብሎ ያመነው ነገር ሲጣስ፣ በተለይም አለቃው ሲጥሰው የሚቀር የሕሊና ቁስል። ለዚህ ፍርድ አይበቃውም። እርስዎን ጥፋተኛ ነህ፣ አይደለህም ያለዎት ሰው እንጂ ምን እንዳዩ የጠየቀዎት የለም። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ለንስሐ አባትዎ «ይፍቱኝ» ከማለትዎ በፊት «ያድምጡኝ» ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ጨረስኩ። ራሴን ለማወቅ ውትድርና ልግባ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሙያውን ወደኸው ከሆነ ግባ። ራስህን ለማወቅ ከሆነ የታመመ ዘመድ አስታም።

ጥያቄ፦ በ1983 ተበተንን። የተራብኩበትና የቆሰልኩበት ዘመን ነው፤ ግን ይናፍቀኛል። ነውር ነው? (ቸርችል ጎዳና፣ ትግላችን ሐውልት አጠገብ ሱቅ ያለኝ)

መልስ፦ ነውር የለበትም። የናፈቀዎት ኮቾሮውን ለሁለት ከፍሎ የሚያካፍልዎት ሰው ነው። ያን ጊዜ ከ400,000 በላይ ወታደር ሲበተን፣ የተሸነፈ ጦር ስለነበረ ትዝታውን አደባባይ የሚያወጣበት ቦታ እንኳ አላገኘም። ብቻ ናፍቆት መራጭ ነው፤ በኤርትራ ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሳቸው መንግሥት የተረሸኑበት 1980ም የዚያው ዘመን አካል ነው። እሱንም አብራችሁ አንሱት። የጓዶችዎን ስልክ ያፈላልጉ፤ ሱቅ ካለዎት ቦታ አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር ያውጡላቸው።