የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለዱር ዝይ ውሃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ

ጥያቄ፦ ጃፓን ውስጥ ገበሬዎች ሩዛቸውን ካጨዱ በኋላ ለዱር ዝይ ብለው ማሳውን መልሰው ውሃ ይሞሉታል ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው የሚያደርጉት? ወደ ጣና ለሚመጡት ክሬኖችስ (እግረ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች) ፎገራ ላይ ይሠራል? (ከወረታ)

መልስ፦ እውነት ነው። የታወቀው ቦታ ሚያጊ ክፍለ ግዛት ያለው ካቡኩሪ-ኑማ ነው፤ ረግረጉ 150 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ግንባረ ነጩ ዝይ ቀን ቀን ከታጨደ ማሳ የረገፈ ሩዝ ይለቅማል፣ ሲመሽ ቀበሮ እንዳይደርስበት ውሃ ላይ ያድራል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳይታደን ከተከለከለ ወዲህ ቁጥሩ አገገመ፤ ብዙ ረግረግ ግን ደርቆ ታርሶ ነበርና ቀለብ እያለው ማደሪያ አጠረው። ጥቂት ቦታ ላይ ሲታጨቅ ደግሞ አንድ በሽታ ቢገባ መንጋውን ሊያዳርስ ይችላል። ስለዚህ በዙሪያው ያለው ማሳ ተጨማሪ ማደሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ረግረጉ ከነማሳዎቹ፣ በጠቅላላው 423 ሄክታር፣ ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት ተመዘገበ።

ሥራው የሚጀምረው ከክትሩ ነው። አይጥ የቦረቦረው ሁሉ በጭቃ ተጠቅጥቆ መውጫው ይዘጋል፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይተኛበታል። ለአንድ ሄክታር 1,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው፣ የሚሰርገው ሳይቆጠር። ገለባው ወፍሮ ከተከመረ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አፈሩን አየር ያሳጣዋል፤ መሬቱ ይገማል፣ የሚቀጥለው ችግኝም ሥሩ ይጎዳል። ስለዚህ ስስ አድርጎ መበተን ያስፈልጋል። ውሃውን ለመልቀቅ የዘገየ ደግሞ ትራክተሩ ይሰምጥበታል። ለድካሙ ዋጋ አለው፤ በውሃው ውስጥ የሚራቡት ቀጫጭን ትሎች የሚያወጡት ልስልስ ጭቃ የአረም ዘር ይቀብራል፣ የወፎቹ ኩስም ፎስፈረስ ይጨምራል።

ፎገራ ላይ ግን ይህን እንዲያደርጉ አንመክርም። ሩዙ እንደተነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅላል፤ ውሃ ከሞሉት ሁለተኛው ሰብል ይቀራል። ውሃውም በበጋ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ነው የሚሳበው፤ ሁለቱም የሚገቡት ጣና ነው። ለአንዱ ረግረግ ብሎ ሌላውን ማጠማት ይሆናል።

ክሬን የሚፈልገው ሌሊቱን ቆሞ የሚያድርበት፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርስ ገላጣ ውሃ ነው። ይህ ሐይቁ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ይገኛል፤ ችግሩ ባሕር ሸሹ እስከ ውሃው አፋፍ መታረሱ ነው። ጎረቤት ተስማምቶ አንድ ሰፊ ቦታ ሳይታረስ ቢተው፣ ከብትና ሣር አጫጅም ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ቢወጣና ንጋት ላይ መንጋው ሳይነሳ ባይገባበት፣ ከማንኛውም ግድብ ይበልጣል። እምቦጭ ገላጣውን ውሃ ከሸፈነው ወፉ አያርፍበትም፤ ሳያብብ ነቅሎ ከውሃው ርቆ ደረቅ ላይ መከመር ነው። ደንገሉን ግን አይንኩት።

ጥያቄ፦ ክሬኖች የዘራሁትን ሽምብራ እየለቀሙ አስቸገሩኝ። ምን ላድርግ? (ከሐሙሲት)

መልስ፦ የሚጎዳው ዘሩ ሳይበቅልና ገና ሲያጎነቁል ነው። ዘርተው ሳያድሩ በደንብ አፈር ያልብሱት፤ እስኪጠነክር ድረስ ማለዳና አመሻሽ ላይ ያስጠብቁ። ከአንዱ ማሳ ብቻ ማባረር ወደ ጎረቤት መላክ ነው፤ አጠገብ ያለ የታጨደ የሩዝ ማሳ ካለ ቶሎ ሳይታረስ ይቆይና እዚያ ሲለቅሙ አይንኳቸው። መርዝ የተቀባ እህል በጭራሽ አይበትኑ፤ ዶሮዎንም፣ የሞተውን ወፍ የሚበላውን ውሻና አሞራም ይገድላል።