ባለሱቁ «ጅቡቲ ነው» ሲለኝ ልመነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የሰፈራችን ባለሱቅ ዘይት በጨመረ ቁጥር አንዴ ጦርነት ነው፣ አንዴ ዶላር ነው፣ አንዴ ጅቡቲ ነው ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ሽንኩርት ሲወደድ ያንኑ ደገመልኝ። እኔን ወጥ ልሥራ ባልኩ ከመርከብ ምን አገናኘኝ? እየዋሸኝ ነው? (ከጎፋ)

መልስ፦ እህቴ፣ በዘይቱ እውነቱን ነው። በሽንኩርቱ ግን ቀልዶብሻል።

ያ ብርድ ሲነካው የሚረጋው ዘይት የፓልም ዘይት ነው። አብዛኛው የዓለም ምርት የሚገኘው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። የካቲት 2014 ላይ ዩክሬን ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር፣ አገሪቱ በሱፍ ዘይት ላኪነት ከዓለም አንደኛ ስለነበረች፣ የሱፍ ዘይት ያጣው ሁሉ ወደ ፓልም ዞረና ዋጋው ሰማይ ነካ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ኢንዶኔዥያ አገር ቤት ዘይት ተወደደብኝ ብላ ወደ ውጭ መላክ ከለከለች። እገዳው ወር እንኳ አልሞላውም። ድንጋጤው ግን ገበያውን ለማናጋት በቂ ነበር።

ጅቡቲ ደረሰ ማለትም ቤትሽ ደረሰ ማለት አይደለም። ወደብ የለንም፤ ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያች በአንዲት በር ነው። የምንልከው ከምናስገባው በጣም ስለሚያንስ ከባድ መኪናው ብዙ ጊዜ ባዶውን ወርዶ ነው ጭኖ የሚመለሰው። የደርሶ መልስ ነዳጁን ታዲያ ከማን ያውጣው? ካንቺው ጀሪካን ነዋ። ዶላሩንም ጨምሪበት፤ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ።

ባለሱቁ የድሮውን ዘይት በአዲስ ዋጋ ሲሸጥልሽ ያናድዳል፣ ገብቶኛል። እሱም የሚቀጥለውን ካርቶን በአዲሱ ዋጋ ነው የሚያመጣው። ችግሩ ሲረክስ ይህ ሒሳብ ይጠፋዋል። ዋጋ እኛ አገር ሲወጣ በሊፍት፣ ሲወርድ በደረጃ ነው።

ሽንኩርት ግን ባሕር አይቶ አያውቅም። አዲስ አበባ የምንበላው በብዛት ከመቂና ከባቱ በአይሱዙ የሚመጣ ነው። ገና ማሳ ላይ እያለ ደላላ ይገባበታል፣ ከዚያ አትክልት ተራ፣ ከዚያ አከፋፋይ፣ ከዚያ ጉልት፤ ሁሉም የራሱን እየጨመረ ያሳልፈዋል። እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ አይከርምም። ክረምት ዝናቡ ሲጠናበት ይበሰብሳል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ አገር ምድሩ ለዶሮ ወጡ በአንድ ሳምንት ይሻማበታል። እርግጥ የአይሱዙው ናፍጣ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ ያቺን ያህል እንስጠው።

ለበዓል ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ግዢ። ልጣጩ የደረቀውን፣ አንገቱ ያልለሰለሰውን መርጠሽ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ አስጪው። ፌስታል ውስጥ ቋጥረሽ ካስቀመጥሽው ግን ሳምንትም አይቆይልሽ።