ከአዲስ አበባ ወደ አነስተኛ ከተማ መዛወር፦ ጥያቄና መልስ

የቤት ኪራይ ያማረራቸው፣ ጡረታ የወጡ ወይም ከየትም ሆነው መሥራት የሚችሉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ስለ መዛወር አዘውትረው ይጠይቁኛል። እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ ቡታጅራ የምኖር፣ ቀደም ሲልም በማዘጋጃ ቤት በይዞታ ጉዳይ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙዎችን የሚያስጨንቁትን መርጬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ኑሮው በእርግጥ ይረክሳል?

መልስ፦ የቤት ኪራይ ይቀንሳል፤ በአካባቢው የሚመረት እህል፣ አትክልትና ቅቤም በገበያ ቀን ከገበሬው እጅ ሲገዛ ይረክሳል። ዘይት፣ ሳሙና፣ ሲሚንቶና መድኃኒት ግን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ተጭነው ስለሚመጡ የማጓጓዣውን ዋጋ የሚከፍለው ሸማቹ ነው። ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ገቢው ነው። የወር ገቢው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ሳይቆርጥ፣ «እዚያ ደርሼ ሱቅ ነገር እከፍታለሁ» ብሎ የሚነሣ ሰው ያሳስበኛል፤ በአነስተኛ ከተማ ገዢው ውስን ነው፣ ነባሩ ነጋዴም ደንበኞቹን በዱቤና በዝምድና አጥብቆ ይዟል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት እሠራለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ካንተ የተሻለ ሁኔታ ላይ ያለ ጠያቂ አልገጠመኝም፤ ገቢህ አብሮህ ይሄዳልና። ፈተናው መብራት ነው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ጥገናው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ኮምፒውተርህን የሚያቆይ ባትሪና ኢንቨርተር ከቤት ዕቃ በፊት ግዛ። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ካርድ ያዝ፤ ኔትወርኩንም ከተማው መሐል ላይ ሳይሆን ልትከራየው ባሰብከው ቤት ውስጥ፣ በተለይም ማታ፣ ሞክረው።

ጥያቄ፦ ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ በጣም ርካሽ ቦታ እየሸጠልኝ ነው። ሽማግሌዎች የሚፈርሙበት ውል አለ። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። በዚህ ጉዳይ ጥሪታቸውን ያጡ ሰዎች አቤቱታ ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ሲቆሙ ስላየሁ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በከተማ ውስጥ መሬት የሚያዘው በሊዝ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የተቀመጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ ፊርማቸው ያንን ውል ሕጋዊ አያደርገውም። ከተማው ሲሰፋ ለቦታው ካሳ የሚከፈለው በመዝገብ ባለይዞታ ሆኖ ለተገኘው ገበሬ ነው፤ እርስዎ የሠሩት ቤት ደግሞ እንደ ጨረቃ ቤት ተቆጥሮ ሊፈርስ ይችላል። አንዳንድ አስተዳደሮች እንዲህ ያሉትን ቤቶች በኋላ ሕጋዊ እንዳደረጉ እየተነገረ ሰው ተስፋ ያደርጋል፤ ነገር ግን የቤተሰብን ጎጆ በእንዲህ ያለ ተስፋ ላይ መመሥረት ልክ አይደለም።

መግዛት ካለብዎት ካርታ ያለው ቤት ይፈልጉ። ሻጩ ያሳየዎት የካርታ ቅጂ አይበቃም፤ ራስዎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደው ማኅደሩ በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ በከተማው ፕላን ላይ መንገድ የሚያልፍበት አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩም መፈረም አለበት፤ ውሉም ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይደረግ። የአዲስ አበባውን ቤትዎን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዓመት አይሽጡ። ያከራዩት፤ እርስዎም በሄዱበት ተከራይተው ክረምቱን ይለፉ። በጥር ያማረ ሰፈር በሐምሌ ጭቃው መኪና አያስገባ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ይመጣ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ናት። አብራን ብትሄድ ችግር አለው?

መልስ፦ ክትትሉን አጠቃላይ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ማድረግ ይቻላል፤ ቡታጅራም ሆስፒታል አለ። የመድኃኒቱ አቅርቦት ስለሚቆራረጥ ግን ሁልጊዜ መጠባበቂያ ይኑራችሁ። የኩላሊት እጥበት ወይም የካንሰር ሕክምና የሚከታተል ሰው ቢሆን ግን ከአዲስ አበባ አትራቁ እላለሁ፤ በየሳምንቱ የሚደረገው ጉዞ ራሱ በሽተኛውን ያደክመዋል። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መታቀፍ ይችላል። ምዝገባው በቀበሌ፣ በተወሰነ ወቅት የሚካሄድ ስለሆነ እንደደረሳችሁ ጊዜውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን፣ ከባቱና ከቡታጅራ የትኛውን ይመክሩናል?

መልስ፦ ሦስቱም በግማሽ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚያስችሉ ናቸው፤ ሆኖም ከጉዞ በፊት የመንገዱን ጸጥታ በመንገዱ ከሚመላለሱ ሾፌሮች መጠየቅ ዛሬ የማይታለፍ ነገር ሆኗል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዷ ብርቱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ አስም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሰንብቶ ይሞክራት። የቀድሞዋ ዝዋይ ባቱ ሞቃት ናት፣ ሐይቅና ዓሣ አላት፤ ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኗ ግን ወባ ያሰጋል። በስምጥ ሸለቆው ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ደግሞ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ይህ ውሃ የሚያድጉ ልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ብዛቱ ከፍ ሲልና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላትም አያስወግደውም፤ ስለዚህ ቤት ከመከራየት በፊት የመጠጥ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጠየቅ። ቡታጅራ በአየሯ መካከለኛ ናት። እኔ የምኖርባት ስለሆነች ማድላቴ አይቀርምና ከዚህ በላይ አላወድሳትም።

ጥያቄ፦ ልጆች አሉን። ትምህርቱስ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የትምህርት ቋንቋውን ይጠይቁ። በኦሮሚያ ከተሞች፣ ለምሳሌ በባቱ ወይም በፍቼ፣ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት በዋናነት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይለምዳል፣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ግን ይቸገራል። የስምንተኛ ክፍል ፈተናን የሚያዘጋጀው ክልሉ ስለሆነ በዚያ ዓመት ልጅ ማዛወር አይመከርም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ሰው ሁሉ የሰው ነገር ያወራል ሲሉ እሰማለሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፤ መቼ እንደገቡ፣ ማን ሊጠይቅዎት እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል። በአዲስ አበባ ጎረቤትዎ ስምዎን ሳያውቅ ዓመት የሚያልፍ ከሆነ ይህ ለውጥ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱን አቃልሎ ማየትም አልፈልግም፣ በዚህ የተነሣ የተመለሱ አሉና። በሌላ በኩል ያው ዓይን ከሥራ በሰዓትዎ ካልተመለሱ «ምን ሆና ይሆን?» ብሎ በርዎን ያንኳኳል። ወደዚህ ወገን ለመሻገር የሚረዳው እድር ነው። እንደገቡ ይመዝገቡ፣ ወርሃዊ መዋጮውን ይክፈሉ፣ ለቅሶ አይቅሩ። በደስታ የቀረ ሰው ይቅር ይባላል፤ በሐዘን የቀረ ግን ለረጅም ጊዜ ይታወስበታል። ስለዚህ ወጪውንም ጊዜውንም ከወር በጀትዎ ውስጥ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ከመነሣታችን በፊት ምን ወረቀት እንያዝ? በየትኛውስ ወር እንነሣ?

መልስ፦ ከወረዳችሁ መሸኛ አውጡ፤ ያለ እርሱ አዲሱ ቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ ለመስጠት ያንገራግራል። የፋይዳ ቁጥራችሁን፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶችን፣ የልጆቹን ውጤትና የትምህርት ቤት መልቀቂያ በአንድ ላይ ያዙ። ወሩን በተመለከተ፣ ልጆቹ ፈተና እንደጨረሱ በሰኔ መጨረሻ ብትነሡ ይሻላል፤ ክረምቱን ተከራይታችሁ እያያችሁ ለመስከረም ምዝገባም ትደርሳላችሁ።