ሪሞቱ ሳይሞት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ቤታችን አራት ሪሞት አለ፤ የቴሌቪዥኑ፣ የሪሲቨሩ፣ ወንድሜ ከአረብ አገር የላከው የሆም ቲያትር እና የድሮው ዲቪዲ። የሪሲቨሩ ሪሞት አርጅቶ በጥፍር ካልተጫኑት አይሠራም። እናቴ 65 ዓመቷ ነው። አንዱን አንስታ ሌላውን ትነካካና ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንባት የጎረቤት ልጅ ትጠራለች። እኔ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምገባው። ፒያሳ «ለሁሉም የሚሆን» የሚሉት ሪሞት አይቻለሁ፣ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። የትኛውን ልግዛ? እውነት ሁሉንም ይሠራል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ መላ አለው። ብቻ ያንን የሪሲቨር ሪሞት እንዳትጥዪው። በጥፍርም ይሁን በእስክሪብቶ ጫፍ እስከሠራ ድረስ ወርቅ ነው።

ለምን መሰለሽ? ሪሞት የሚሠራው በብርሃን ነው። ከፊቱ ያለችው ትንሽ አምፖል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ትረጫለች። ብርሃኑ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ገደማ እየተርገበገበ በአጭርና በረጅም ምት መልእክት ይልካል። ኮድ የሚሉት ይህንን ምት ነው። ቁልፉ ሲለያይ ምቱ ይለያያል፣ ፋብሪካው ሲለያይም እንደዚያው። የመንዙማ ድቤ ከሩቅ ሰምተሽ የትኛው እንደሆነ እንደምትለዪው፣ ቴሌቪዥኑም የራሱን ምት ካልሰማ ንቅንቅ አይልም።

ሱቅ ካየሻቸው ውስጥ አንዳንዶቹ የአንድ ብራንድ ብቻ ናቸው፤ «የሳምሰንግ»፣ «የኤልጂ» እየተባሉ የሚሸጡት። ችግርሽ ቴሌቪዥኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱ ይበቃሽ ነበር። ሌሎቹ የብዙ ፋብሪካ ኮድ ተጭኖባቸው ከቁጥር ወረቀት ጋር ይመጣሉ። ቀይዋ መብራት እስክትበራ የማስተካከያውን ቁልፍ ተጭነሽ ትይዢና ከወረቀቱ ላይ ያገኘሽውን ቁጥር ታስገቢያለሽ። ቴሌቪዥኑ ስለጠፋ ብቻ ኮዱን አትመኚው። ድምፅ ጨምሪ፣ ሜኑ ክፈቺ፣ ወደታች ውረጂ። ማጥፊያው ሠርቶ ሜኑው የማይሠራበት ኮድ ሞልቷል፣ ያኔ ቀጣዩን ቁጥር መሞከር ነው።

ጣጣው ሪሲቨሩ ላይ ነው። እኛ ጋ የሚሸጡት ሪሲቨሮች ስማቸው ብዙ ነው፣ ሞዴላቸውም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ፈልገሽ ልታጪው ትችያለሽ። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ሐይቅ ከተማ ላለችው እናቴ ሃምሳ ምናምን ቁልፍ ያለው ሪሞት ገዝቼ ወሰድኩላት። ቴሌቪዥኑን በሁለተኛው ኮድ አገኘው። ሪሲቨሩን ግን ከዐሥር ሰዓት ጀምሬ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ቁጥር ሳስገባ አመሸሁ፣ ምንም የለም። የድሮውን ሪሞት ደግሞ የጎረቤት ልጆች ሲጫወቱበት ተሰባብሯል። እናቴ ቡናውን እየቀዳች «ተወው ልጄ፣ ሬዲዮ እሰማለሁ» ስትለኝ ሆዴ ባባ።

እና አንቺ የሚማር ሪሞት ግዢ። ሻጩን «ከሌላ ሪሞት ኮድ ይቀዳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ብዙዎቹ ላይ «ለርን» የሚል ቁልፍ አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ እ.ኤ.አ. በ1987 ኮር የተባለ የሚማር ሪሞት ለገበያ አቅርቦ ነበር። አሮጌውንና አዲሱን ፊት ለፊት አጋጥመሽ ጠረጴዛ ላይ ታስተኛቸዋለሽ፣ በመሀላቸው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ትተሽ። አዲሱን መማሪያ ላይ ታደርጊና የምትፈልጊውን ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ከዚያ የአሮጌውን ያንኑ ቁልፍ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ካለች ተቀብሏል። ለሁለቱም አዲስ ባትሪ ድንጋይ አድርጊ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብም አትሥሪ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አሮጌው ነፍሱ እስካለች ብቻ ነው። ስለዚህ ለነገ አትበዪ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ፣ የኔ ዋናው ጉዳይ እሳቸው ናቸው። «ለሁሉም የሚሆን» ሪሞት ላይ አናቱ ጋ የቴሌቪዥን፣ የሪሲቨር፣ የዲቪዲ እያለ መምረጫ ቁልፍ አለ። እናትሽ ሳያስቡት አንዱን ከነኩ ሪሞቱ ሌላ ዕቃ ማዘዝ ይጀምራል፣ እሳቸው ደግሞ ተበላሸ ብለው ልጅ ይጠራሉ። ያው አራት ሪሞት በአንድ ልብስ ማለት ነው። የሚማር ሪሞት ግን የሰጠሽውን ምት የሰጠሽው ቁልፍ ላይ ይይዛል፣ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ስለዚህ የሪሲቨሩን መምረጫ ያዢና ሁሉንም እዚያው ላይ አስተምሪው። ቻናል መቀየሪያውን ከሪሲቨሩ ቅጂ፣ ድምፁን ከሆም ቲያትሩ፣ ቀዩን ማጥፊያ ከሪሲቨሩ፣ የቴሌቪዥኑን ማጥፊያ ደግሞ ራቅ ብሎ ያለ ማንም የማይነካው ቁልፍ ላይ። ከዚያ በኋላ እናትሽ መምረጫ የሚባል ነገር መንካት አይኖርባቸውም። የዲቪዲውን ሪሞት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው፣ በዓመት ስንቴ ይከፈታል?

የሚጠቀሙባቸውን አምስት ስድስት ቁልፎች በጥፍር ቀለም ነጠብጥቢላቸው። ለእናቴ እንደዚያ ነው ያደረግኩት፤ ቀይ ማጥፊያ፣ ነጭ ድምፅ። በላስቲክ ከጠቀለልሽው ችግር የለውም፣ ብርሃኑ ንጹሕ ላስቲክ ያልፋል። ዳንቴል ግን ይከለክላል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚንጠለጠለው የዳንቴሉ ጫፍ ምት መቀበያዋን ከሸፈናት ሪሞቱ አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል፤ ሰብሰብ አድርጊው። ሻጩን «ድንጋይ ስቀይር ኮዱ ይጠፋል?» ብለሽም ጠይቂው። ካላመንሽው እዚያው ኮድ አስገቢበት፣ ድንጋዩን አውጥተሽ ትንሽ ቆይተሽ መልሺና እዪው። ከወረቀት ላይ ያገኘሽውን ኮድ በፕላስተር ጽፈሽ የድንጋይ መክደኛው ውስጥ ለጥፊው፣ ወረቀቱማ መጥፋቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። የስማርት ቲቪዬ በድምፅ የሚታዘዘው ሪሞት ጠፋ። ለሁሉም የሚሆነውን ብገዛ በድምፅ ይሠራል? ወይስ ስልክ ይሻላል?

መልስ፦ በድምፅ አይሠራም ወንድሜ። የድምፁ ሪሞት በብሉቱዝ ነው የሚገናኘው፣ ተራው በኢንፍራሬድ። ማብራትና ማጥፋት፣ ድምፅና ሜኑ ብዙ ጊዜ ይሠራልሃል፣ ማይክራፎኑ ግን አይኖርም። የስልክህን አናት እየው፤ እንደ ሬድሚ ያሉ ብዙ ስልኮች ላይ ጥቁር ነጥብ የምትመስል የኢንፍራሬድ አምፖል አለች፣ እሷ ካለች ስልክህ ራሱ ሪሞት ይሆናል። ከሌለች በዋይፋይ የሚሠራ አፕ አለ፣ ግን ቲቪውና ስልኩ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ቲቪው ገና ካልተገናኘ ያለ ሪሞት እንዴት ታገናኘዋለህ? የኮምፒውተር ማውዝ ተዋስና ዩኤስቢው ላይ ሰካው። ብዙ ስማርት ቲቪዎች ቀስቷን ያወጡልሃል፣ በእሷ ሴቲንግ ገብተህ ታስተካክላለህ።

ጥያቄ፦ ከወልዲያ። ሪሞቴ ውስጥ ድንጋዩ ፈሶ አረንጓዴና ነጭ ነገር ሠርቷል። ልጣለው?

መልስ፦ ገና አትጣለው። ድንጋዩን አውጣ፣ በእጅህ ግን አትንካው። አልካላይን ድንጋይ ከሆነ ጥጥ ጫፉን ሎሚ አስነክተህ ሽቦዎቹን ጥረግ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በእርሳስ ላጲስ እስኪያብረቀርቅ ፈትግ። አዲስ ድንጋይ ክተትና የስልክህን የፊት ካሜራ ከፍተህ የሪሞቱን አምፖል ወደ ካሜራው እያዞርክ ቁልፍ ተጫን። ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞትህ በሕይወት አለ።