የአሳማ ሴል ውስጥ ያለችው ትንሽ ፍሬን

ጥያቄ፦ ማይክሮአርኤንኤ ምንድን ናት? ከአሳማ በሽታስ ጋር ምን አገናኛት?

22 ገደማ ፊደላት ብቻ ያሏት አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ናት። ፕሮቲን አትሠራም። ከጂን ወጥቶ «ይህን ፕሮቲን ሥሩ» የሚል ትእዛዝ የያዘውን መልእክተኛ አርኤንኤ ትይዝና ወይ ሥራውን ታስቆመዋለች ወይ እንዲበጣጠስ ታደርገዋለች። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በትንሽ ትል ላይ ያገኙትን በ1993 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ በ2024 ኖቤል ተሸለሙበት። አሳማም እኛም ይህችው ፍሬን አለችን፣ የአሳማ በሽታ መከላከያ ሴሎችም ያለሷ በደንብ አይሠሩም።

ጥያቄ፦ ሰውነት በሽታን መዋጋት ካለበት ፍሬን ለምን አስፈለገው?

ፍሬን ያጣ መከላከያ የገዛ ሳንባንና አንጀትን ስለሚጎዳ ነዋ! ባክቴሪያ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ማንቂያ ያሰማሉ፣ ያው ማንቂያ ደግሞ ማይክሮአርኤንኤ-146ኤ በብዛት እንድትመረት ያደርጋል፣ እሷም ማንቂያውን የሚያስተላልፉትን ፕሮቲኖች ትቀንሳለች። እሳቱ ራሱ ውሃውን ይጠራል ማለት ነው። በጣም የምወደው ነገር ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ፒአርአርኤስን በዚህ ማዳን ይቻላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ገና ነው። ፒአርአርኤስ እናት አሳማን የሚያስወርድ፣ የግልገሎችን ሳንባ የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረሱ የሳንባ ማክሮፋጅ (ጀርም የሚውጥ የመከላከያ ሴል) ውስጥ የሚገባው ሲዲ163 በሚባል በር ነው። ማይክሮአርኤንኤ-181 ይህ በር በብዛት እንዳይመረት ታደርጋለች፣ በዚያ ላይ የቫይረሱን አርኤንኤ ራሱን ትይዛለች፤ ተስፋው የመጣው ከዚህ ነው። ግን ቫይረሱም ሞኝ አይደለም። ማይክሮአርኤንኤ-30ሲ እንድትበዛ አድርጎ የኢንተርፌሮንን፣ ማለትም ሴሎችን ቫይረስ እንዲከላከሉ የሚያነቃውን ፕሮቲን፣ መልእክት ያዳክማል፣ ማለትም የአሳማውን ፍሬን በአሳማው ላይ ይረግጣል። ደግሞ አንዷ ማይክሮአርኤንኤ ብዙ ጂኖችን ስለምትነካ ሌላ ነገር ሳይበላሽ የሚፈለገው ሴል ድረስ ማድረስ ከባድ ነው። ስለዚህ «መድኃኒቱ ተገኘ» ለሚላችሁ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። እስከዚያው አዲስ የመጣን አሳማ ለብቻ አቆዩ፣ ስለ ክትባትም የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

ጥያቄ፦ እንገር ውስጥም አለች?

አለች፣ በስብ ከረጢት ተጠቅልላ። ከመከላከያ ጋር የተያያዙት ደግሞ ከኋላው ወተት ይልቅ በእንገሩ ይበዛሉ። ግን እንገርን ለእሷ ብላችሁ አይደለም የምታጠቡት። የአሳማ እንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካላትን (በሽታን የሚዋጉ የእናት ፕሮቲኖችን) ስለማያሳልፍ ግልገሉ ባዶውን ነው የሚወለደው፣ አንጀቱም የሚቀበላቸው ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ደካማውን ግልገል አንሡና ጡት አስይዙት፣ ዛሬውኑ።